አሳልፌ የሰጠሁት ስም

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ ውሸቴንም ስንፍናዬንም እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። «ሌላስ፣ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም፣ አባ» እላለሁ። ሌላ አለ። አሥር ዓመት ሙሉ ሌላ አለ።

ጽሑፍ አይቀናኝም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የድርሰት መምህራችን «ሐሳብህ ይቆራረጣል» ይለኝ ነበር። አሁንም ይቆራረጣል፤ ታገሱኝ። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። በጠላት ጊዜ ወንድሜ ተይዞ እስር ቤት ሞተ። ያስያዘው የስሙ መታወቅ ነው። ስሙን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሰፈራችን ግን የተናገሩት እማማ ጌጤ ናቸው ብሎ ያምናል። እኔም እያየሁ ዝም አልኩ።

ይኸው ጻፍኩት። አሁን ከመጀመሪያው ልነሣ።

እማማ ጌጤ አዋላጅ ናቸው። ከቀጨኔ ወንዝ እስከ ሸጎሌ መውጫ ድረስ በእኔ ዕድሜ ያለ የጉለሌ ልጅ አብዛኛው መጀመሪያ ያረፈው በእሳቸው እጅ ላይ ነው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ስለሚናገሩ ከእንጦጦ ሥር ካሉት መንደሮች ሳይቀር በቅሎ ይላክላቸው ነበር። ልጁ ስም ሲወጣለትም እዚያው ናቸው። ስሙ ለምን እንደ ወጣ፣ ማን እንዳወጣው፣ ማን እንደ ተቆጣ ያውቃሉ፤ ያወቁትንም አይረሱም።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በረድ ስትል ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እኛ ልጆች እንከባቸዋለን። የሚያልፈውን ሰው በዓይናችን እየጠቆምን «የእሱስ ስም ለምንድን ነው?» እንላቸዋለን። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ ይመልሳሉ።

«ታረቀኝ? እናቱ ተቆጥታ ሱሉልታ አባቷ ቤት ገብታ ነበር። ባልዋ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ እምቢ። በአራተኛው ሆዷን ገፍታ ራሷ መጣች። ታዲያ ልጁን ሌላ ምን ይበለው?»

«እንግዳስ፣ እማማ?»

«ቤት ሙሉ እንግዳ ተቀምጦ ነው እናቱን ምጥ የያዛት። አፍራ ዝም አለች። እነሱ ሲወጡ እሱ ገባ።»

እንስቃለን። እንግዳ ራሱ አብሮን ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ ጆሮው እስኪቀላ እንስቅበታለን። ከሁሉም የምወደው ግን የዘነበችንና የሮባን ነበር። ሁለቱ አጥር ለአጥር ጎረቤት ናቸው። «ሁለቱንም በአንድ ቀን ነው ያዋለድኳቸው» ይሉ ነበር እማማ ጌጤ። «ዝናቡ ጣራ ሊያፈርስ ደርሷል። እዚህ ቤት ዘነበች አሏት። አጥር ዘልዬ እዚያ ስገባ ሮባ አሉት፤ ሮባ ማለት ዘነበ ነው በኦሮምኛ። ዝናቡ አንድ፣ የበሰበስኩት እኔ አንድ፣ ስሙ ሁለት!»

ያን ሰዓት አሁንም እናፍቀዋለሁ። የባሕር ዛፉን ሽታ፣ ከወንዙ የሚመለሱትን የልብስ አጣቢዎች ሳቅ፣ ሰው ሁሉ በስሙ ውስጥ አንድ ታሪክ ይዞ ሲያልፍ የሚሰማኝን ደስታ። ስም የሚባለው ነገር ያኔ ለእኔ የተዘጋ ቤት ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ እማማ ጌጤ ጉያ ውስጥ ያለ። እኔ ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ እጠይቅ ነበር፤ ከሌሎቹም ይልቅ አስታውስ ነበር። ምን ያደርጋል? የተማርኩትን ምን አደረግኩበት?

የወንድሜ ስም ከሰፈሩ ስም ሁሉ የበለጠ ታሪክ ነበረው። ከእሱ በፊት እናቴ ሁለት ልጆች ሞተውባታል። እሱ በተወለደበት ወር ደግሞ አጎታችን፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ በሱሉልታ መንገድ ላይ በሽፍታ ተገደለ። አባቴ ከቀብር ተመልሶ ሕፃኑን አነሣና «ደመላሽ» አለው። ደም የሚመልስ፣ የአጎቱን ደም የሚበቀል ማለቱ ነው። እናቴ ከመደቡ ላይ ሆና «ጡቴን በወጉ ሳይዝ ጦር ልታስይዘው ነው?» አለችው። እሷ «ማስረሻ» አለችው፤ ያለፈውን ሐዘን የሚያስረሳት። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እማማ ጌጤ ናቸው፤ በመካከላቸው ሆነው ሕፃኑን ያቀፉት እሳቸው ነበሩና።

ስለዚህ ቤታችን ውስጥ አንድ ልጅ በሁለት ስም ይጠራ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላም ሰፈሩ ደመላሽ አለው፤ እናቴ ብቻ ማስረሻ አለችው። እሱ ለሁለቱም «አቤት» ይላል። ደም ይመልሳል የተባለው ወንድሜ ለበዓል ዶሮ እንዲያርድ ሲታዘዝ ቢላዋውን ለጎረቤት ሰጥቶ ጓሮ የሚደበቅ ሰው ነበር። እናቴ «አባትህ ስም አወጣ፣ እኔ ልጅ አወጣሁ» እያለች ትስቅበት ነበር። ሰባት ዓመት ይበልጠኛል። አባቴ ሲሞት ግንበኝነት ገብቶ እኔን ትምህርት ቤት ላከኝ። እሱ አልተማረም። ማታ ማታ እኔ ነኝ ፊደል ያስቆጠርኩት፤ በደብተሬ ላይ እየጻፍኩለት፣ በወፍራም ጣቱ መስመሩን እየተከተለ። የእጅ ጽሑፌን ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

የእኔ ስም ይበቃል ነው። ከወንድሜ በኋላ ደግሞ አንዲት ሴት ልጅ ተወልዳ ሞተች፤ ከዚያ እኔ መጣሁ። በልጅነቴ ወላጆቼ ሌላ ልጅ ስላልፈለጉ፣ እኔን አይተው የሰለቹ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እያለቀስኩ እማማ ጌጤን ጠየቅኳቸው። እንዝርቱን አስቀመጡት። «አንተን አይደለም ይበቃል ያሉት፤ ሞትን ነው። እናትህ አንተን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ላይ እያየች ነው ያለችው» አሉኝ። ይህን አውቅ ነበር። በኋላ ለምን እንዳልተናገርኩት ታያላችሁ።

ጠላት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ወንድሜ ጣሊያኖች ወደ ሰሜን በሚያወጡት መንገድ ላይ ድንጋይ እየጠረበ ይሠራ ጀመር። ሥራው ግን ሁለት ነበር። በመሣሪያው ከረጢት ሥር ጥይት እየያዘ ከእንጦጦ ማዶ ላሉት አርበኞች ያቀብላል። እነሱ የሚያውቁት በደመላሽነቱ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጣሊያኖቹ «ደመላሽ የሚባል የጉለሌ ሰው» መፈለግ ጀመሩ። ስሙን እንጂ መልኩን አላገኙም። የሥራ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ማስረሻ ነው።

ያን ጊዜ ሰፈራችን ያደረገውን ላውራ፤ እንዲህ ያለ ነገር ዳግም አላየሁምና። እናቴ በየቤቱ ዞረች። አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ «ማስረሻ በሉልኝ።» በሳምንት ጊዜ ውስጥ ደመላሽ የሚባል ሰው ከጉለሌ ጠፋ። ሕፃናቱ እንኳ አልተሳሳቱም። ሃያ ዓመት በዚያ ስም የጠሩት ሽማግሎች ምላሳቸውን መለሱ። አንድ ሰፈር ሙሉ አንድን ስም ዋጠው።

ያልቻሉት እማማ ጌጤ ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ወንዝ መውረጃው ላይ ወንድሜን ከሩቅ አይተው ከልማድ የተነሣ «ደመላሼ!» ብለው ጠሩት። ብዙ ሴቶች ነበሩ። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሴቶቹ ተቆጧቸው፤ ጠላት ግን በአቅራቢያው አልነበረም፣ የሆነም ነገር አልነበረም። ነገሩ በዚያው አለፈ መስሎን ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የላቲን ፊደል ስለማውቅ ጣሊያኖቹ የሰፈሩን ሰው ስም በሚመዘግቡበት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ገባሁ። ወንድሜ ራሱ «ግባ፤ የሚጽፉትን ትነግረኛለህ» ስላለኝ ነው። ሹሙ ወፍራም፣ ሳቂታ ጣሊያን ነበር። አረንጓዴ ደብተር ነበረችው፤ የአገራችንን ሰው ስም ከነትርጉሙ ይሰበስብባታል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አገሩ ሲገባ ሊያሳትመው ነው ይሉ ነበር። አስተርጓሚው ከሩቅ አገር የመጣ፣ ዝምተኛ የእኛ ሰው ነው።

በአንድ ረፋድ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ሹሙ ጠራኝ። ደብተሩን ከፈተ። አንድ ስም ይጠራል፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ አስተርጓሚው ያቀብላል። ታረቀኝን ነገርኩት። እንግዳን ነገርኩት፤ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ዘነበችንና ሮባን ስነግረው ቆሞ አጨበጨበልኝ። «ብራቮ፣ ፕሮፌሶሬ!» አለኝ። በሕይወቴ ማንም እንዲያ አጨብጭቦልኝ አያውቅም። የእማማ ጌጤን ቃል አንድ በአንድ እየደገምኩ ነበር፤ ከማን እንደተማርኩት ግን አልተናገርኩም። የራሴ ዕውቀት አስመሰልኩት።

«የአንተስ ስም?» አለኝ።

ነገርኩት። አስተርጓሚው ተረጎመ። ሹሙ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ባስታ!» አለ፤ በቋንቋቸው ያው «ይበቃል» ማለት ነው። «ባስታ! አባትየው ልጁን አይቶ ባስታ አለ!» በር ላይ የቆሙትን ሁለት ወታደሮች ጠርቶ ነገራቸው። እነሱም «ባስታ፣ ባስታ» እያሉ ሳቁብኝ።

ለምን የስሜን እውነተኛ ምክንያት አልነገርኳቸውም? ይበቃል የተባለው ሞት ነው፣ እናቴ ወደ ሰማይ አይታ ነው ያለችው ብል ምን ነበረበት? አውቃለሁ ለምን እንደሆነ። ያ ታሪክ ያሳዝናል እንጂ አያስጨበጭብም። እኔ ጭብጨባውን መልሼ ማግኘት ነበር የፈለግኩት። ፊቴ ይነድ ነበር። ቤታችን ውስጥ የሚያስቅ ስም ብቻ እንዳልተሰጠ ላሳያቸው ፈለግኩ።

«የወንድሜ ስም ግን ትልቅ ነው» አልኩ። «እናቴ ማስረሻ አለችው፤ ሁለት ልጅ ሞቶባት ነበርና። አባቴ ግን...» ቆምኩ። ማቆሜን አስታውሳለሁ። እዚህ ላይ አልዋሻችሁም፤ አፌ አምልጦኝ አይደለም። ቆምኩ፤ ምን ልል እንደሆነ አወቅኩ፤ ሹሙ ብዕሩን አንሥቶ ይጠብቀኝ ነበር። «አባቴ ግን ደመላሽ አለው፤ የተገደለ ወንድሙን ደም እንዲመልስ።»

አስተርጓሚው ወዲያው አልተረጎመም። ዐይን ዐይኔን አየኝ። ያ ሰው ጊዜ ሰጥቶኝ ነበር። «ይሄ ወንድምህ በሕይወት አለ?» አለኝ በቀስታ፣ በአማርኛ። ሞቷል በል ማለቱ ነበር። እንዲያ ማለቱ እንደ ነበር ለመረዳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ያን ጊዜ የገባኝ ሌላ ነው፤ አላመነኝም ብዬ ተናደድኩ። «ይኖራል እንጂ! ግንበኛ ነው፣ መንገዱ ላይ ይሠራል» አልኩት። ከዚያ ተረጎመ።

ሹሙ አልሳቀም፤ አላጨበጨበምም። ስሙን ሊጽፍ ሞከረና ተሳሳተ። እኔ ብዕሩን ከእጁ ተቀበልኩ። በላቲን ጻፍኩለት። ከሥሩ በእኛ ፊደል ጻፍኩለት፤ አሳምሬ፣ ቀስ ብዬ። እኔ ጻፍኩት። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም፣ ቁራሽ ዳቦ እንኳ ያሳየኝ አልነበረም። እኔ ብዕር ተቀብዬ የወንድሜን ስም ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሥራ ላይ ያዙት። አብሮት የነበረ ድንጋይ ጠራቢ እንደነገረን፣ አስተርጓሚው ከኋላው ቆሞ «ደመላሽ» ብሎ ጠራው። ወንድሜ መዶሻውን እንደያዘ ዞሮ «አቤት» አለ። ለወራት ያልሰማው ስሙ ነበር። ወዳጅ የጠራው ሳይመስለው አልቀረም።

እስር ቤት እንጀራ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። በሽቦው ማዶ እንድንነጋገር የተፈቀደልን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከስቶ ነበር፤ አንድ ጥርሱ የለም። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

«አታልቅስ፤ ሰው ያያል» አለኝ። «እናታችን እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ ወንድም ጋሼ።»

«ሰፈር ውስጥ ምን ይባላል?»

«እማማ ጌጤ ናቸው ይላሉ። ወንዝ መውረጃው ላይ ስለጠሩህ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እሳቸው አይደሉም። በላቸው። ለእናታችንም፣ ለሁሉም በላቸው፤ ጌጤን ተዉአቸው። አደራ።»

«በምን አወቅህ?» አልኩት። እንዴት እንዲህ ብዬ እንደ ጠየቅኩ አላውቅም። ላጣራ ነበር መሰለኝ። የደበቅኩት ተደብቆልኝ እንደሆነ ላጣራ!

በሽቦው በኩል አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «የስሜን ጽሑፍ ደብተር ላይ አሳዩኝ» አለ። «ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ነው።» ከዚያ ዘበኛው ጠራው። ዞሮ ሲሄድ «እንጀራው አይደርሰኝም፤ አንተ ብላው» አለኝ።

ክረምቱ ሳይወጣ በተስቦ ሞተ ተባልን። የት እንደቀበሩት አናውቅም። በጎረቤት ወግ መሠረት መርዶው ማለዳ ተነገረን፤ ሰው ሁሉ መጣ፣ እማማ ጌጤም መጡ። እናቴ ስታያቸው ከመሬት ተነሥታ «ስሙን ሸጠሽ ደግሞ ልታለቅሺለት መጣሽ?» አለቻቸው። ሴቶቹ እጃቸውን ይዘው አስወጧቸው። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። በአጠገቤ ነው ያለፉት። አደራው አፌ ውስጥ ነበር፤ ዋጥኩት።

በኋላ እናገራለሁ አልኩ። ሐዘኑ ይብረድ አልኩ። አርባው ይለፍ፣ ሙት ዓመቱ ይውጣ፣ ጠላት ይሂድ። ጠላት ሄደ። እኔ ትምህርቴን ቀጠልኩ፣ ጨረስኩ፣ ሥራ ያዝኩ። እማማ ጌጤ ግን ከማኅበራቸው ወጡ። የሚያዋልዱ ሌሎች ሴቶች ከሌላ ሰፈር ይጠሩ ጀመር። እሳቸው ያዋለዷቸው ልጆች ባለፉ ቁጥር «ስም ሻጭ!» ብለው ይሮጣሉ። ደጃፋቸው ላይ አሁንም ይፈትላሉ፤ የሚከባቸው ልጅ ግን የለም።

አንድ ጊዜ፣ ከጥቂት ዓመት በፊት፣ ሳልፍ ጠሩኝ። «ይበቃል፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ እዚያ ቢሮ ነበርክ። ከእኔ እንደሰሙ ሲናገሩ ሰምተሃል? እኔ የማስታውሰው ያን የወንዙን ጊዜ ብቻ ነው። ግን አፌ ነዋ፣ አላምነውም። ምናልባት ሌላ ቦታም ብዬው፣ ሰው ሰምቶኝ...» ዐይናቸው ውስጥ እንባ ነበር። ሰው ሁሉ በደለኛ ሲላቸው ኖሮ ራሳቸውም ማመን ጀምረዋል። የልጅነቴን ስሞች ሁሉ አንድ ሳይስቱ ያስታውሱ የነበሩ ሴት የራሳቸውን ትዝታ ተጠራጠሩ።

እኔስ ምን አልኩ? «አልሰማሁም፣ እማማ» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ አልሰማሁም፣ የተናገርኩት እኔ ነኛ! በዚህች ቃል ተሸሽጌ ሄድኩ። ከጻፍኩት ስም እኩል የምጸየፈው ይህችን ቃል ነው።

ባለፈው ክረምት ዘነበችን ምጥ ያዛት፤ ያቺ በዝናብ የተወለደችው። ሁለት ቀን አማጠች። ከሌላ ሰፈር የመጣችው አዋላጅ ግራ ገባት። በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ እማማ ጌጤ ሳይጠሩ መጡ። በሩ ላይ እናቴና ሌሎች ሴቶች ቆመዋል፤ እኔ ቃሬዛ ለማንሣት ከወንዶቹ ጋር ነበርኩ።

«አስገቡኝ» አሉ እማማ ጌጤ። «እናቷም እንዲሁ ነበረች፤ ልጁ ይዞራል፣ እኔ አውቀዋለሁ። እሷንም በዚህ እጄ አዙሬ ነው ያወጣኋት።»

«ይህ እጅሽ አይነካትም» አለች እናቴ።

«ከፈለግሽ ኋላ ግደይኝ። አሁን ልግባ።»

«ሂጂ ጌጤ። የእኔን ልጅ ወስደሻል፤ የሷን አትወስጂም።»

እማማ ጌጤ ወደ እኔ አዩ። ለምን ወደ እኔ እንዳዩ አላውቅም፤ ከዚያ ሁሉ ሰው የተማርኩት እኔ ስለሆንኩ ይሆናል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አንገቴን ደፋሁና የቃሬዛውን እንጨት ያዝኩ። ሆስፒታል ስናደርሳት ዘነበች ተረፈች፤ ልጁ ሞቶ ወጣ። ወንድ ነበር። ስም አልወጣለትም።

ስለ ወንድሜ ሞት ልጅ ነበርኩ ልል እችል ይሆናል። ለዚህኛው ምን እላለሁ? ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ጢም ነበረኝ፣ ደመወዝ እቀበል ነበር። ለንስሐ አባቴ ልናገርና ቀኖናዬን ተቀብዬ ልገላገል አሰብኩ። ግን እሳቸው ምሥጢር ጠባቂ ናቸው። እኔ ነጽቼ እወጣለሁ፣ እማማ ጌጤ እንደ ቆሸሹ ይቀራሉ። የእኔን ነፍስ የሚያሳርፈው ዝምታ ለእሳቸው ያው የቆየው ዝምታ ነው። ስለዚህ በይፋ ጻፍኩት፤ እናንተ ስሙኝ።

ትናንት እስከዚህ ያለውን ለእናቴ አነበብኩላት። ምስር እየለቀመች ነበር። ስለ ብዕሩ ሳነብ እጇ ቆመ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እሱ አንተ መሆንህን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ጽሑፉ ቆንጆ ነው ብቻ አለህ?»

«አዎ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችው። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እንድትረግመኝም ፈልጌ ነበር። ከነጠላዋ ሥር ሆና «እኔ እኮ በር ዘጋሁባት» አለች። «ልጁን የገደለው የእኔ በር ነው።» ከዚያ ተነሣች። በእኛ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ የበደለው ሰው ደጃፍ ላይ ይቆማል፤ «አውርድ» እስኪባል አያወርድም። እናቴ ወደ ጓሮው አመለከተችኝ።

«ድንጋይ አምጣ» አለች። ልወጣ ስል ደግሞ ጠራችኝ። «ሁለት አምጣ።»

ነገ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ እኔና እናቴ በመንደሩ መካከል አልፈን እንሄዳለን። ይህን ወረቀት ደጃፋቸው ላይ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። እማማ ጌጤ ለእናቴ «አውርጂ» እንዲሏት እለምናለሁ፤ እሷ የሠራችው ሁሉ በእኔ ዝምታ የሠራችው ነው። ለእኔ እንዲሉኝ አልለምንም። ባይሉኝ ልክ ናቸው። ወንድሜ በሽቦ ማዶ ይቅር ያለኝ ይመስለኛል፤ ያንን ይቅርታ ግን እንደ ምስክር ይዤ እሳቸው ፊት አልቀርብም፤ የሰጠኝን አደራ አላደረስኩምና።

እናንተም ስለ እኔ አታስቡ። እማማ ጌጤ ቤታቸው ያው የድሮው ነው፤ እጃቸውም ያው ነው። ይህ ወረቀት ከነገ በፊት እጃችሁ ከገባና በጉለሌ ምጥ የያዛት ሴት ካለች የእኛን እሑድ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ጥሯቸው።